«አልፏል» ስለምትባል አንዲት ቃል

ይድረስ ለክቡር የመተግበሪያው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ስልክዎንም በሙሉ ባትሪ እንዲያገኝ እመኛለሁ። እኔ፣ ባይጠይቁኝም፣ ደህና ነኝ። አባቴም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ደህና ናቸው፤ ይህን በተለይ የምገልጸው ድርጅትዎ ስለ እሳቸው ያለው መረጃ ከእኔ መረጃ ጋር ስለማይስማማ ነው።

በአንድ ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ሆኜ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። መተግበሪያዎን ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ቀጠሮ ያደራጃል፣ ደብዳቤ ያሰናዳል፣ የተጻፈውንም ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሦስት ባለሙያ በአንድ ኪስ ማለት ነው። ከምወዳቸው መተግበሪያዎች ሁሉ አንደኛው እርሱ እንደሆነ ለባልደረቦቼ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ስላቃተኝ፣ ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ በአደባባይ ማቅረቡ ይሻላል ብያለሁ።

፩. ስለ ጽሑፍ። መተግበሪያዎ «አሳጥር» የምትባል ቁልፍ አለችው፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር ስታይ የሚያማት ይመስለኛል፣ ሳልነካትም በገዛ ፈቃዷ ትሠራለች። ለአለቃዬ «ክቡር ሆይ፣ የታመመች አክስቴን ሐኪም ቤት ማድረስ ስላለብኝ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ብዘገይ ይቅርታዎን እለምናለሁ» ብዬ የጻፍኩት፣ «ነገ አረፍዳለሁ» ሆኖ ደረሳቸው። አለቃዬ ለሦስት ቀን ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ መለሱልኝ። በቀጠሮ ርዕስ ላይ ሲሆን ደግሞ ቁልፊቱ ጭራሽ ግስ የሚባል ነገር አታስተርፍም፤ ግስ ምን እንዳደረጋት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

፪. ስለ ንባብ። የአንባቢው ድምፅ ለስላሳ ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አለመለየቱ ብቻ ነው ጉድለቱ። የመጽሔት መግቢያ ሳስነብበው «ዋና አዘጋጁ» የሚለውን አላልቶ ስላነበበ፣ የተከበሩትን ሰው ከነመነጽራቸው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከተታቸው። ባልደረቦቼ እስካሁን በኮሪደሩ ሲያገኟቸው «ውሃው እንዴት ነው?» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም የቧንቧው ነገር መስሏቸው «ዛሬ ደህና ይወርዳል» እያሉ ይመልሳሉ። ይህንን እንደ ጨዋታ ቆጥሬ አለፍኩት። እንዲያውም ዓይናቸው ለደከመው ለአባቴ ይህንኑ አንባቢ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው፤ መልእክት በመጣ ቁጥር ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

፫. ስለ ቀጠሮ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ቁጭ ብለው ቢያነቡልኝ እመርጣለሁ።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከስድስት ዓመት በፊት ዓይናቸው ሲደክም፣ ታላቅ ወንድሜ ጣታቸውን እንዳይወጉ ብሎ፣ የስፌት መኪናቸውን ሳያማክራቸው ሸጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ አንድ ቃል አልተለዋወጡም፤ ስንት ሽማግሌ ተልኮ፣ ስንት ዘመድ ለምኖ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

እኔ ደግሞ በየሳምንቱ «ሐሙስ ከቀኑ በአሥር ሰዓት አባባን ሄዶ መጠየቅ» ብዬ በመተግበሪያዎ መዘገብኩ። ቁልፊቱ አሳጥራ «አባባ» አለችው። እህቴ ዝርዝሩን ለቤተሰቡ በሙሉ አጋርታው ስለነበር ወንድሜም፣ ሁለቱ አክስቶቻችንም፣ ራሳቸው አባቴም ገብተውበታል። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ በተከታታይ አምስት ሐሙስ ሥራ በዝቶብኝ «አሸጋግር» የሚለውን ተጭኛለሁ። በስድስተኛው ሐሙስ አንድ ወፍራም መጽሐፍ እያረምኩ ማሸጋገሩንም ረሳሁት። ስልኬ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት ድምፁ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ሰዓቱ ያለፈበትን ቀጠሮ ለማሳወቅ በሚጠቀሙበት ቃል፣ መተግበሪያዎ ለመላው ቤተሰቤ እንዲህ ሲል አስታወቀ፦

«አባባ አልፏል።»

ክቡር ሆይ፣ ድርጅትዎ ከዚህ አጠር ያለ መርዶ ነጋሪ ቢፈልግ አያገኝም። አንዷ አክስቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ጎዳና ወጥታ ጮኸች። እህቴ አባባ ጋ ብትደውል መስመሩ ተይዟል፤ እኔ ጋ ብትደውል አላነሳም። የአባባ መስመር የተያዘው መልእክቱ ለእሳቸውም ተነብቦላቸው፣ ነገሩን ሊያጣሩ ወደ እኔ እየደወሉ ስለነበር ነው። እህቴ ያንን መልእክት ከዓይኗ ልታጠፋ ብላ አንዱን ምልክት ስትጫን፣ መተግበሪያዎ አበባ በትኖ «አባባ ተጠናቋል! እንኳን ደስ አላችሁ!» አለ። ደስታችንን ስለተካፈላችሁ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ።

እኔ ከሥራ ስወጣ ስልኬን ከመሳቢያው አውጥቼ ጉዱን አይቼ እየሮጥኩ ስደርስ፣ ደጁ በሰው ተሞልቷል። አባቴ በሩን በገዛ እጃቸው ከፍተው ለቀስተኞቹን አንድ በአንድ ወንበር እየሰጡ ያስቀምጣሉ። ወንድሜ ከመንገድ ጥቁር ኮት ገዝቶ፣ እያለቀሰ፣ ተደግፎ ገባ። አባቴን ቆመው ሲያያቸው እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያላነጋገሩትን ልጃቸውን አባቴ ትከሻውን ዳበሱትና፣ «ይህን ማን ሰፋው? ግራው ወርዷል፤ አውልቅ» አሉት። መርፌ አስመጡ። ዓይናቸው አጥርቶ ስለማያይ በዳሰሳ ፈትተው በዳሰሳ ሰፉት፤ ክር የሚያስገባላቸው ወንድሜ ነበር። ስለ ስፌት መኪናው ያነሳ አልነበረም። ሲመሽ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ገበር ጨርቅ ሲከራከሩ ትቻቸው ወጣሁ፤ በር ላይ ቆሜም አለቀስኩ፣ ምክንያቱም ያንን ሐሙስም እንደ አምስቱ አሸጋግሬው ቢሆን ኖሮ ማንም አይመጣም ነበር።

በማግስቱ ለድርጅትዎ አቤቱታ ጻፍኩ። በደቂቃ ውስጥ መልስ ደረሰኝ፤ ፍጥነታችሁ ያስቀናል። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፤ አባባን ሙሉ በሙሉ ለመሰረዝ አንድን ይጫኑ» ይላል። አልተጫንኩም።

ከዚህ በታች አራት ተጨማሪ ቅሬታዎች ነበሩኝ፤ «አልፏል» የምትለዋም በ«ሰዓቱ አልፏል» ትተካ የሚል ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር። ይሁንና ረቂቁን ለአባቴ ባነብላቸው ከለከሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ልጆቻቸውም እህቶቻቸውም እየተሯሯጡ ይመጣሉ፤ ያንን ቃል ዳግመኛ ማየት የሚፈልግ የለምና። ወንድሜ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይደርሳል። አባቴ፣ «ቃሏን አትንኩብኝ፤ ሰው የምታመጣልኝ እሷ ናት» ይላሉ።

እሳቸው ያላቸው ቅሬታ አንዲት ብቻ ናት፤ የዚህ ደብዳቤ ጥያቄም እርሷው ናት። አባቴ የከተማውን ትልልቅ ሰው ሁሉ ለክተው ያለበሱ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ከጎረቤት ሕፃን እስከ ሐኪማቸው ድረስ አንቱ የሚባሉ ሰው ናቸው። ያን ዕለት አልጋቸው ጫፍ ላይ ሆነው የገዛ ሞታቸውን ሲሰሙ፣ የከነከናቸው ሞቱ እንዳልነበር ነግረውኛል። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የሚለምኑት፣ ለወደፊቱ ድርጅትዎ ሲቀብራቸው «አልፈዋል» ብሎ እንዲቀብራቸው ነው።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ አስበው እንደሚጽፉት በመተማመን፣ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

በመተግበሪያዎ መዝገብ ላይ «ተጠቃሚ» ተብላ የሰፈረች፣ ለክቡርነትዎ ያላትን አክብሮት ለማሳጠር ፈቃደኛ ያልሆነች፣
አራሚዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በድረ ገጽዎ ላይ እንዳነበብኩት፣ መተግበሪያውን የሠሩት ለማንም ለምንም ጊዜ ስላጡ ነው። ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ታትሞ የሚወጣው ረቡዕ ነው። ክቡርነትዎ አባት ካለዎት፣ ነገ ሳይነገርዎ ይሂዱ።