በግራ እጅሽ ላይ የወደቀው ጥላ

ኅዳር ፬ ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣

አንቺም እህትሽም እንደምን ከረማችሁ? የእኔ ጤና ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ሌላው ነገሬ ነው። ከሄድሽ ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዛሬ በመጻፌ ተቀየሚኝ፣ ደብዳቤውን ግን ሳታነቢ አትቅደጂው።

እሑድ ምስር ልሠራ ተነሣሁ። ቀኝ አውራ ጣቴን መሰላል ስለቀጠቀጠው በግራዬ ነበር የምለቅመው። አንቺ የምትቆሚበት ቦታ ቆሜ ትሪው ላይ ጎንበስ ስል፣ የገዛ እጄ ጥላ ምስሩን ሸፈነው። ጠጠሩ ከምስሩ አይለይም። ወዲህ ብል ወዲያ ብል ያው ነው። ግራኝ መሆንሽን አላውቅም አልልም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከፊቴ ተቀምጠሽ ስትበዪ አይቻለሁ። እያወቅሁ አላሰብኩትም።

የሰው ወጥ ቤት መብራት ስሠራ መጀመሪያ የምለው፣ "እትዬ፣ ቢላዋ የሚይዙት በየትኛው እጅ ነው? ሲከትፉስ የት ይቆማሉ?" ነው። መልሱን ሳልሰማ ሽቦ አልዘረጋም። የእኛን ግን አንቺ ገበያ ሄደሽ ሳለ በግማሽ ቀን ጨረስኩት። በቀኙ ለሚሠራ ሰው እንደሚደረገው መብራቱን በግራ በኩል አደረግሁ፤ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ሦስት የመስታወት አምፖሎች ሰቀልኩ፤ ፎቶ አንሥቼ ለደንበኞቼ ማሳያ አደረግሁት። ማማሩን እንጂ ማየትሽን አላሰብኩም።

ከዚያ ጓደኛዬንና ሚስቱን የጋበዝንበት ያ ምሳ መጣ። ቀለም ቀቢው ጓደኛዬ ከምስር ወጡ ጠጠር ሲነክስ ዝም ማለት ስችል፣ "አትፍረድባት፣ እኔ እንደ ቀን አብርቼላታለሁ፤ እሷ በዳበሳ መሥራት ትወዳለች" አልኩ። እሱም ሚስቱም ሳቁ። አንቺ ማንኪያሽን አስቀምጠሽ፣ "እውነቱን ነው" ብለሽ ውሃ ልታመጪ ተነሣሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን ያዝሽ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በእኔ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

እሑድ ዕለት ወንፊት ስፈልግ መሳቢያው ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር፣ አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ አገኘሁ። ጫፏ ላይ የጥርስሽ ምልክት አለ። የመብራት ሠራተኛ ሚስት ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ምስር ስትለቅም ኖራለች፤ የእግሬን ኮቴ ስትሰሚ ትደብቂያት ነበር ለካ። እኔ እንዳላፍር ብለሽ ነው። መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ትናንት ቀለም ቀቢው ቤት ሄጄ ባትሪዋን አሳየኋቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚስቱ፣ "ታዲያ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ለእሷ ንገራት እንጂ" አለችኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።

የድሮውን መብራት ነቅያለሁ። አዲሱን ከካቢኔቱ ሥር ከዳር እስከ ዳር ልዘረጋው አስቤያለሁ፤ ግን አንቺ ቆመሽ ሳታሳዪኝ ግድግዳውን አልበሳም። ተመለሺ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። እዚያው እህትሽ ቤት መቅረት ከመረጥሽ፣ የመክተፊያ ጠረጴዛዋን ርዝመት ለክታ ትላክልኝ። አንቺ ቤት የማትኖሪበትንም ሰዓት ትንገረኝ፤ መጥቼ መብራቱን እዚያ እሠራልሽና ሳታዪኝ እሄዳለሁ።

ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ።

ካልከለከልሽኝ፣
ባልሽ