አርባ ስድስት ቁጥር ጥርስ

ሊፖቫ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2018

ለልጄ ለራዶቫን፤

ለምራቴ ለጁዲትና ለልጅ ልጄ ለሄቲ ሰላምታዬን አድርስልኝና ወንበር ስበህ ተቀመጥ። አባትህ መርፌውን ከጀርባው ደብቆ በሽተኛ አያባብልም ነበር። እኔም በነገሩ ዙሪያ አልዞርም። የቤታችንን የጥርስ ሕክምና ክፍል ቁልፍ ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጥቻለሁ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ከአባትህ ወንበር አጠገብ ቆማ የምትሠራው ዴስፒና የምትባል የቆጵሮስ ልጅ፣ አዲስ የጥርስ ሐኪም ናት። ይህን ከእኔ ሳይሆን ከዳቦ ቤቷ ሴትዮ ብትሰማው ኖሮ ትቀየመኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። አባትህ ከሞተ ወዲህ ክፍሉ እንደተቆለፈ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባሁ ወንበሩን እወለውላለሁ፣ መብራቱ መሥራቱን አያለሁ፣ መልሼ እቆልፋለሁ። ከንቲባዋ በየጊዜው ብቅ እያሉ «ሲስተር ድራሆሚራ፣ እባክዎን ክፍሉን ይስጡን፤ ሐኪም የምናገኘው ቦታ ካለን ነው» ይሉኛል። «የጥርስ ሐኪሙ ልጄ ከእንግሊዝ ይመጣል» እላቸዋለሁ። የከተማው ሰው ጉንጩን በሻርፕ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ይሄድና በር ላይ «አዲስ በሽተኛ አንቀበልም» የሚለውን ወረቀት አንብቦ ይመለሳል። ፊት ለፊት የተናገረኝ የለም፤ ሰው ይሉኝታ አለው። ጎረቤታችን አቶ ሽፓቼክ ብቻ፣ እሱ መቼም ይሉኝታ አልፈጠረበትም፣ አጥር ላይ ተደግፎ «ልጅሽ እስኪመጣ ጥርሴን ጨርሼ በድዴ ነው የምቀበለው» አለኝ።

እኔም ጥርሴን ያመኝ ነበር። አንተ ስትመጣ ታየዋለህ ብዬ አቆየሁት።

በኦገስት የደወልክልኝን ቀን ታስታውሳለህ? ጥርሴን አሞኛል ስልህ «የትኛው ነው ማማ?» አልከኝ። «አርባ ስድስት» አልኩህ። ዝም አልክ። ብዙ አይደለም፣ ሰው ኪሱ ውስጥ ቁልፍ የሚፈልግበትን ያህል ነው። ከዚያ «ቆይ፣ የታች ቀኝ ስድስተኛውን ማለትሽ ነው?» አልክ።

ራዶ፣ አንተ እኮ እስከ ሃያ በቅጡ መቁጠር ሳትችል የጥርስ ቁጥር ታውቅ ነበር። አባትህ «ሠላሳ ስድስት ተቦርቡሯል» ብሎ ሲያስጽፈኝ አንተ ጣትህን ወደ ገዛ አፍህ ትሰድና ትክክለኛው መንጋጋ ላይ ታሳርፍ ነበር። እኛ አርባ ስድስት የምንለውን እንግሊዞች የታች ቀኝ ስድስተኛ ብለው እንደሚቆጥሩ አውቃለሁ። ሰው በሚሠራበት አገር ቆጠራ መቁጠሩ ያባት ነው፣ ነውር የለበትም። ነገር ግን አርባ ስድስትን በሆድህ ተርጉመህ እንደተረዳኸኝ ስሰማ፣ እንደማትመለስ ገባኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና የድንች ሾርባዬን በግራ በኩል እያኘክሁ በላሁ። በማግስቱ ቁልፉን ለከንቲባዋ ወሰድኩላቸው። ሴትዮዋ ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርተው ነው መሰለኝ፣ ቡና እንኳ ሳይጋብዙኝ ቁልፉን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ዴስፒና የተማረችው እዚሁ አገር፣ ኦሎሞውትስ ከተማ ነው፤ ግን ለውጭ አገር ልጆች በእንግሊዝኛ በሚሰጠው ትምህርት። ቼክኛዋ ቢራ ለማዘዝና ትራም ለመሳፈር ይበቃል። ጥርስን የምታውቀው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ በትምህርት ቤት የተማርኩት ሩሲያኛ ነው፤ እሱንም ረስቼዋለሁ። እንደ ድሮዬ ነርስ ሆኜ የማግዛት እኔ ነኝና፣ የመጀመሪያው ቀን ጉጠት ስትጠይቀኝ መስታወት፣ መስታወት ስትጠይቀኝ ጥጥ እያቀበልኳት ዋልን። ማታ ሁለታችንም ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ካርቶን ቆራረጥን። በአንዱ ወገን እሷ በእንግሊዝኛ ጻፈች፣ በሌላው እኔ በቼክኛ። መሰርሰሪያ፣ ማደንዘዣ፣ ድድ፣ ነርቭ፣ የወተት ጥርስ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ። በየመሳቢያው ላይ ለጠፍናቸው፤ የተረፉትን ወስጄ ከምድጃው በላይ ሰቀልኳቸውና ድስት ሳማስል አነባቸዋለሁ። ክራንቻን እንግሊዞች የውሻ ጥርስ ነው የሚሉት፤ ይህንን ለአቶ ሽፓቼክ አልተረጎምኩለትም። መጨረሻ ላይ የሚበቅለው የጥበብ ጥርስ ግን በሁለቱም ቋንቋ የጥበብ ጥርስ ነው። የትም አገር ጥበብ የሚመጣው ዘግይቶና አሳምሞ ነው ማለት ነው።

አቶ ሽፓቼክ ያለ ቀጠሮ ነው የመጣው። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ለተቀመጡት ሁሉ እንደ ደንቡ ሰላም አለ፣ ጫማውን በነጠላ ጫማ ቀየረ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ይቺ ልጅ በምን ቋንቋ ነው የምትነቅለኝ?»

«ጥርስህ ቼክኛ ይችላል እንዴ? አፍህን ክፈት» አልኩት።

ዴስፒና ያመው እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ ተረጎምኩለት።

«ለማን ነው የምመልሰው? ላንቺ ነው ለሷ?»

«ለመብራቱ መልስ፤ ብቻ ምላስህን ሰብስብ።»

ሲያበቃ ጉንጩን ነካ ነካ አድርጎ ትንሽ አሰበ። «ንገሪያት፤ የባልሽ እጅ ከባድ ነበር፣ ይቺ ግን ስትነቅለኝ እንኳ አልተሰማኝም» አለኝ። የመጀመሪያውን አስቀርቼ ሁለተኛውን ተረጎምኩላት። ልጅቷ ደስ ብሏት እስከ ጆሮዋ ቀላች። እሱ ግን በወሩ ያለምንም ሕመም እንደገና መጣ፤ ለምን እንደመጣ ስጠይቀው «ልምድ ሆነብኝ» አለ።

አርባ ስድስትን ማዳን አልተቻለም፤ ብዙ አቆይቼዋለሁ። የተነቀልኩ ዕለት ተርጓሚዋ አፏን ከፍታ ስለተኛች ተርጓሚ አልነበረንም። ዴስፒና ከካርቶኑ ያጠናችውን በቼክኛ «ያምማል?» አለችኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። እውነትም አላመመኝም። ሁለቱ ሥሮቹ ጫፍ ላይ እንደ መንጠቆ ታጥፈዋል፤ አባትህ ቢያየው መስኮት ጋ ወስዶ እያገላበጠ ያደንቀው ነበር።

የአባትህን የስም ሰሌዳ ከበሩ ላይ አላነሳሁም። ከሥሩ ያሉትን ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች ግን ታስታውሳቸዋለህ፤ የተመረቅህ ዕለት ለስምህ ሰሌዳ ብሎ በገዛ እጁ የበሳልህ ናቸው። የዴስፒና ሰሌዳ ልክክ ብሎ ገጠመባቸው። ሰሌዳውን የሰቀለው ሠራተኛ «ሲስተር፣ ሌላ መብሳትም አላስፈለገን» አለኝ፤ ያስደሰተኝ መስሎታል። በሙታን መታሰቢያ ቀን መቃብሩ ላይ ሻማ አብርቼ ሁሉንም ለአባትህ ነገርኩት። እሱ እንደሁ በሕይወት እያለም ቶሎ አይመልስም ነበር።

አሁን ስለ ሄቲ። እሷ ቼክኛ አትችልም፤ እኔም ያለኝ እንግሊዝኛ ከከንፈር እስከ ጉሮሮ ያለው ብቻ ነው። እስከ ዛሬ በስክሪን ስንተያይ እጃችንን አወዛውዘን፣ ድመቷን አሳይቻት፣ እንለያይ ነበር። ባለፈው ወር ግን «አፍሽን በሰፊው ክፈቺ» አልኳት በእንግሊዝኛ። ደንግጣ ከፈተች። «ይነቃነቃል?» «አዎ!» «የላዩ ነው የታቹ?» «የታቹ!» «ያምማል?» «ትንሽ ትንሽ።» «ተጉመጥመጪ፣ ትፊ» ስላት በሳቅ ከወንበሩ ወደቀች። ተነሥታም አነጋገሬን አረመችልኝ፤ ጥርስ የሚለውን ቃል ስል ምላሴን በጥርሶቼ መሃል አውጥቼ እንድነፋ አሳየችኝ። የጎደለው ጥርሴ በኩል ነፋስ እየወጣ አስቸገረኝ። ከልጅ ልጄ ጋር እንደዚያ ቀን አውርቼ አላውቅም። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ።

ማክሰኞ ፖስታ ደረሰኝ። ጥጥ ውስጥ የተጠቀለለች የወተት ጥርስ፣ የታች የፊት። እናንተ ዘንድ ትራስ ሥር ሲያስቀምጡት ክንፍ ያላት ትንሽ ፍጥረት መጥታ ትወስደዋለች አሉ። ሄቲ ግን ከጥርሷ ጋር የምድጃ ሥዕል ልካልኛለች፣ ከጀርባውም ጅራተ ረዥም አይጥ። እኛ ቤት ጥርስ የወለቀው ልጅ ከምድጃው ጀርባ ወርውሮ «አይጢት አይጢት፣ ይኸው የአጥንት፣ ስጪኝ የብረት» እንደሚል ነግረሃት ኖሯል። ቁጥሩ ቢጠፋህም ይህ አልጠፋህም። ሥዕሉን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

ክፍሉን ሲያድሱ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች የወጥ ቤቱን አሮጌ ምድጃም አፍርሰን እንውሰድልዎ ብለውኝ ነበር፤ በክረምት ከሙቀቱ ጭሱ ይበልጣል፣ እውነታቸውን ነው። ክፍሉን ውሰዱ፣ ምድጃዬን አትንኩ አልኳቸው። ያን ጊዜ ለምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም ነበር። የሄቲ ጥርስ አሁን ምድጃው ላይ በቡና ስኒ ተቀምጣለች። እኔ አልወረውርላትም። ባለጥርሷ ራሷ ቆማ ካልወረወረች አይሆንም፤ ይህንን አንተም ታውቃለህ።

እነዚህን ዓመታት ያልመጣኸው ክፍሉን ፈርተህ እንደሆነ ይገባኛል። ቀደም ሲል ደጃፉን በረገጥክ ቁጥር ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥብህ፣ አንተም ቁልፉን ላለማየት ድመቷን ስታሻሽ አይቻለሁ። ከእንግዲህ ቁልፉ የለም። ከተማው ሐኪም አለው። መጥተህ በልተህ ተኝተህ መሄድ ትችላለህ፤ መቼ ትመለሳለህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም፤ እኔም አልጠይቅህም። ናፍቀኸኛል።

ጤና፣ እህልና የሚያኝክ ጥርስ እግዜር አይንሳችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። አይጧ የሊፖቫ አይጥ ናት፤ ከቼክኛ በቀር አትሰማም። ሄቲን ቃሉን የምታስተምራት አንተ ነህ። እኔ በእንግሊዝኛ የምችለው ያምማል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፤ መልሱን ገና አልተማርኩም።

እናትህ
ድራሆሚራ