የተቀጠለው ሜትር

ባተርሲ፣ ለንደን
ነሐሴ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ ሮማንወርቅ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ወር አለፈው። ዘግይቻለሁ። ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ እንጂ ሥራ በዛብኝ ብዬ አልዋሽሽም። ከሂትሮው አውሮፕላን ጣቢያ ጽዳት ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ሥራ የለኝም። ጤናዬ ደህና ነው። ሊፍቱ ሲበላሽ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ።

ሦስቱን የቀያሽነት ማኅተሞችሽን ያተምሽበትን ወረቀት ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሻይ እስኪፈላ ድረስ ፊቱ እቆማለሁ። ሦስት ስቴት፣ ሦስት ማኅተም፣ በሦስቱም ላይ ያንቺ ስም። ስቴቶቹን የሚለየውን ወንዝ በድልድይ ስትሻገሪ ይህኛው ማኅተም እንደሚሞትና ማዶ ያለው ስቴት የራሱን ሕግ እንደ አዲስ እንደሚፈትንሽ የጻፍሽውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። በአንዱ ስቴት መሬቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተሸንሽኗል። በሌላው ወሰኑ ከትልቁ የባሉጥ ዛፍ እስከ ጅረቱ አፍ ይባላል፤ ዛፉ ከወደቀ መቶ ዓመት ቢሆነውም ጉቶውን ቆፍረሽ ታገኛለሽ። በሦስተኛው ደግሞ ቫራ በሚባል የእስፓኞች ክንድ የተለካ መሬት ይመጣልሻል። የኛ ጋሻ መሬት በየአውራጃው ስንት ዓይነት እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔ ዕድሜ ልኬን በእሱ ስነጫነጭ ኖርኩ። አንቺ የአንዱን ስቴት ልማድ ከሌላው ሳታምታቺ ሦስቱንም ጭንቅላትሽ ውስጥ ይዘሻል።

እኔ ትምህርቴን ከየት እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ። የሎጋሪዝም ሠንጠረዡን ያገኘሁት ባለሱቁ በርበሬ ሊጠቀልልበት ቅጠሉን ሲገነጥል ደርሼ ነው። የጎደሉትን ገጾች ራሴ አስልቼ ሞላኋቸው። ከዚያ ወዲህ ከኮሌጅ የመጣ ልጅ ሁሉ ከእኔ በታች የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ሰውን በቀላሉ አላደንቅም። ይህን የምጽፍልሽ አሁን የምለውን በሚዛኑ እንድትወስጂው ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር የሚችል ሰው አውቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

አራተኛው ስቴት ለፈቃዱ የመጀመሪያ ሥራሽን በዓይኑ ያየ ሰው እንዲፈርም ጠየቀ፤ ካሠሩሽ ቀያሾች ከእኔ በቀር የቀረ የለም። ፎርሙ እስከ መስከረም መጀመሪያ ካልደረሰ በእኔ ሥር የሠራሽባቸው እነዚያ ሁለት ዓመት ተኩል እንደማይቆጠሩልሽና ብዙ ጊዜ እንደሚያስጠብቁሽ ጽፈሻል። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። «አመልካቿ በራሷ ፍርድ የሠራችውን አንድ ሥራ ግለጽ» ይላል። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ አውቃለሁ። እሱን ለመጻፍ ደግሞ የራሴን መጻፍ ነበረብኝ።

ኢተያ፣ 1963 ዓ.ም.። ፍርድ ቤት አልታየሽ የምትባለዋን ሴት መሬት ከባሏ ወንድም ከብዙነህ እንድንለይ አዘዘ። ከእሷ ማዕዘን ሦስት መቶ ሠላሳ ሜትር ተለክቶ የወሰን ድንጋይ ይተከል ተባለ። ቅዳሜ ማታ ላንድሮቨሩ ሠላሳ ሜትር ርዝመት ያለውን የብረት ሜትሬን ረግጦ ቆለመመው። ሌላ ሜትር ለማስመጣት የጉዳት ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። እነዚያ የኮሌጅ ልጆች ሽማግሌው ሜትር ሰበረ ሲሉ ታየኝ። የተቆለመመውን ቆርጬ፣ ጫፍና ጫፉን በቆርቆሮና በምስማር ቀጠልኩት። መቀጠሉ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም ቀጥለናል። ወጉ ግን ታውቂዋለሽ፦ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር የመስክ ደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሜትሩ ሁኔታ ይጻፋል፤ የተቀጠለ ከሆነ የጎደለው ይጻፋል። እኔ ሰኞ ጠዋት «ሜትር፦ ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮ ስገባ ከሒሳቡ እቀንሰዋለሁ ብዬ ነበር። ድንጋዩን ግን በዚያው ሜትር ለክቼ ተከልኩት።

ቢሮ ስመለስ ደብተሩን እንድታሰዪ ሰጠሁሽ። በማግስቱ መጣሽ። ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነበር፤ እርሳሱ ጸጉርሽ ውስጥ ተሰክቷል።

«ጋሽ ሳህሉ፣ አይዘጋም» አልሽ። ዙሪያውን ለክቼ የተነሳሁበት ችካል ላይ መመለስ ሲገባኝ ቁጥሩ ከሁለት ሜትር በላይ አልፎ ቆሟል።

«ደግመሽ ደምሪ።»

«ሦስት ጊዜ ደመርኩ። የዓርብና የቅዳሜው ልክ ነው። ከሰኞ ወዲህ የተለካው በየሠላሳው ሜትር አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር ግድም ይረዝማል። ሜትሩን ቅዳሜ ምን ነካው?»

ያጠረ ሜትር የሚለካውን ያረዝማል። አንቺ ሜትሩን አላየሽውም። ቢሮው ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ከቁጥር ብቻ፣ ላንድሮቨሩ የረገጠበትን ቀን ነገርሽኝ። ያን ጊዜ መገረም ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው እየሰማ ስለነበር «ሜትር አይዋሽም፤ የሚዋሸው ደማሪ ነው» አልኩ። የሥራ ባልደረባችን ኪዳኔ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ «እቴ፣ ዛሬ የጋሽ ሳህሉን ሜትር ከጠየቅሽ ነገ እግዜርን ስለ ፀሐይ መውጣት ልትጠይቂው ነው!» አለ። ቢሮው ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። ስህተቱን ለሁሉም መስመር አከፋፍለሽ ዝጊው ብልሽ «የዓርብና የቅዳሜው መስመሮች ምን አጠፉና ነው የሌሎቹን የሚሸከሙት?» ብለሽ እርሳስሽን አስቀመጥሽ።

ለሌላ ሰው ሰጥቼ አዘጋሁት። ለኃላፊውም «ይቺ ልጅ መደመር አትችልም» አልኩት። ሦስት ወር መዝገብ ቤት አቧራ ስታራግፊ የቆየሽው በእኔ ቃል ነው። ይህን ታውቂ እንደሆነ አላውቅም። አሁን ዕወቂው።

አልታየሽ ራሷም ቢሮ ድረስ መጥታ ነበር። «ጌታዬ፣ ድንጋይዎ የውሃ መንገዴን በላው» አለችኝ። ወደ ወንዙ የምትወርድበት መንገድ በብዙነህ በኩል ቀርቶ እሱም በእሾህ አጥሮታል።

«እናቴ፣ ሜትር አይዋሽም።»

«ሜትሩማ አፍ የለው። አፍ ያለዎት እርስዎ ነዎት።»

የመሬት አዋጁ በ1967 ሲታወጅ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ ወሰኑም ኃጢአቴም አብረው ተሰረዙ ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤሽ ግን ሌላ ነገረኝ። በ1968 ከአገር ከመውጣትሽ በፊት በዚያ በኩል ስታልፊ ገበሬ ማኅበሩ መሬቱን ሲደለድል ድንጋዩን እንዳልነካው አይተሻል። «የሳህሉ ድንጋይ» ይሉታል አልሽ። አልታየሽ እንስራዋን አዝላ አጥሩን ስትዞር አገኘሻት። ይህን የጻፍሽው ልትወቅሺኝ አልነበረም። የማኅተሞችሽን ሕግ ስታስረጂኝ በምሳሌነት ነው ያነሳሽው፦ እዚያ አገር የቀድሞው ቀያሽ የተከለው ድንጋይ ስህተትም ቢሆን ይገዛል፤ ቀያሹ ስለሞተ፣ ሰዎችም አምነውበት ስለኖሩ፣ ድንጋዩ ከአዲሱ ሜትር ይበልጣል። አንድ ተራ ሰው ሰኞ ጠዋት የጻፈው አንድ ቃል ከመንግሥታት ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው።

ጎረቤቴ ደረጄ ሂትሮው ሹፌር ነው፤ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል።

«ጋሼ፣ ይሄ ፎርም እስከ መቼ ነው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚተኛው? ዴድላይኑን ቼክ አድርገውታል?»

«አድርጌያለሁ።»

«ታዲያ ‹ጎበዝ ናት› ብለው ይፈርሙና ፖስት እናድርገው። ልጅቷ ትለፍበት!»

«ጎበዝ ናት ማለት መልስ አይደለም። ሥራ ነው የጠየቁት።»

«እርስዎ ገነት በር ላይም ቢሆን ሜትር አውጥተው በሩን ሳይለኩ አይገቡም።»

ለመጻፍ ቁጥር ያስፈልገኝ ነበር። ግድም አልጽፍም። ሜትሩ እዚህ ከእኔ ጋር ነው፤ ከአገር ስወጣ ከልብስ በፊት ሻንጣ ውስጥ የገባው እሱ ነው። ለምን እንዳመጣሁት ሰው ቢጠይቀኝ አልመልስም ነበር። ባለፈው እሑድ ማለዳ ደረጄ ትራፋልጋር አደባባይ ወሰደኝ። በስተሰሜን ከግንቡ ሥር የአገሩ መለኪያ ልክ ድንጋዩ ላይ በነሐስ ተተክሏል፦ ኢንቹ፣ ጫማው፣ ያርዱ፣ እስከ መቶ ጫማ ድረስ። ጠባቂ የለው፣ መግቢያ አያስከፍሉበት፤ ለማኙም ሚኒስትሩም መጥቶ የያዘውን መለካት ይችላል። እርግቦች ይራመዱበታል። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን መሰልዎት እንዴ?»

«ዝም ብለህ ጫፉን ያዝ።»

ተንበረከክሁ። አንድ ፖሊስ መጥቶ ደረጄን አንድ ሁለት ነገር ጠየቀው፤ ቆይቶ ራሱም ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። መቶ ጫማ ሠላሳ ሜትር ከአርባ ስምንት ሳንቲሜትር ነው። ሜትሬ ደህና ቢሆን ከነሐሱ ምልክት አርባ ስምንት ሊቀረው ይገባ ነበር። ስልሳ ስድስት ቀረው። ሦስት ጊዜ ለካሁ። አሥራ ስምንት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሜትሩን ሳታዪ በእርሳስ ደብተሩ ኅዳግ ላይ የጻፍሽው ቁጥር ነው።

እዚያው ተንበርክኬ ሜትሩን ጠቀለልኩት። ደረጄ በብብቴ ይዞ አነሳኝ።

ፎርሙን ሞልቼ ትናንት ልኬዋለሁ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ሁሉንም ጻፍኩ፦ ላንድሮቨሩን፣ ቆርቆሮውን፣ «ደህና» ያልኩትን፣ ያንቺን አሥራ ስምንት፣ መዝገብ ቤቱን። በራሴ እንግሊዝኛ ነው፤ ደረጄ ፊደሉን ብቻ ቼክ አደረገልኝ። ፎርሙ የፈራሚውን የፈቃድ ቁጥር ይጠይቃል። ደረጄ ባዶ ይተዉት አለኝ። ባዶ አልተውኩም፤ «የለኝም» ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ምክንያት ፊርማዬን ቢጥሉት አዝናለሁ፤ ቁጥር ግን አልፈጥርም። ቢጥሉትም ባይጥሉትም፣ የጻፍኩት እውነት ነው።

ሁለተኛ ወረቀት ናዝሬት ላለው ለኪዳኔ ልኬያለሁ፤ ለገበሬ ማኅበሩ እንዲያደርስልኝ ነው። ውጭ ካለ ሰው ደብዳቤ መቀበል ዛሬ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ንድፍ፣ አንድ ቁጥርና አንድ ፊርማ ብቻ ነው ያለበት። አሥራ አንድ ጊዜ አሥራ ስምንት፦ ድንጋዩ ከቦታው ወደ አልታየሽ አንድ ሜትር ከዘጠና ስምንት ገብቷል፤ መንገዱ የእሷ ነው።

ድንጋዩ ይገዛል ብለሽኛል። የሚገዛው ቀያሹ ሲሞትና የሚጠየቅ ሲጠፋ ነው። እኔ ገና አልሞትኩም።

ሜትሩን በዚሁ ጥቅል ውስጥ አስገብቼልሻለሁ። አትጠግኚው። ከእንግዲህ በማናቸውም ስቴት ደብተርሽን ስትከፍቺ፣ የመጀመሪያውን መስመር ከመጻፍሽ በፊት አንድ ጊዜ እዪው። እኔም የራሴን መስመር አርሜ እዘጋለሁ።

ሰኞ፣ ኢተያ፣ 1963 ዓ.ም.። ሜትር፦ የተቀጠለ፤ በሠላሳው አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር የጎደለ። አሰሊዋ ትክክል ነበረች።

ለኪው፣ ሳህሉ