አሥራ ሁለት ቀን

ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የቱም ከተማ ኑሮ ተስማማሽ ወይ? ተማሪዎችሽስ እንዴት ናቸው? እኔ አካሌ ደኅና ነው፤ ልቤን ግን አትጠይቂኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በወረቀት የመጣሁት ዓይንሽን ማየት ስላፈርኩ ነው።

ቡናን ከሥሩ የሚያደርቀው በሽታ በስንት ጊዜ ወደ ጎረቤት ግንድ እንደሚሻገር በኮምፒውተር የሚያሰላውን ሞዴሌን ታስታውሺዋለሽ። እኔ አሥራ ሁለት ሳምንት ብዬ አሳተምኩ። አንቺ ከታተመው ጽሑፍ ላይ ቀመሩን ለቃቅመሽ እንደገና ብትሠሪው አሥራ ሁለት ቀን ሆነብሽ። «ሞዴሉን ማንኛውም ተመራማሪ በሚከፍተው የጋራ ፎርማት ጽፈህ ስጠኝ፤ እኔም ላስኪደውና እንተያይ» ብለሽ ሦስት ጊዜ ለመንሽኝ። ኮምፒውተሬ ተበላሸ አልኩሽ። አልተበላሸም ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባም ኃላፊያችን የተሳሳተው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ አንገቴን ደፍቼ «እሷ ትሆናለች» አልኩ። የሥራ ውልሽ ሳይታደስ ቀረ።

ባለፈው ወር አቢጊያ የምትባል አዲስ ባልደረባችን ለቴፒ ቡና ልትጠቀምበት ሞዴሉን ጠየቀችኝ። በጋራው ፎርማት ካልሆነ አልቀበልም ስላለች አብረን ተቀምጠን ጻፍነው። ያ ፎርማት ይሉኝታ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ቁጥር በቀን ይሁን በሳምንት ለይተሽ ካልጻፍሽ አያልፍም። በሽታውን የሚያመጣው ሻጋታ የዕድገት ፍጥነት ጋ ስንደርስ እጄ ቆመ። ቤተ ሙከራ የለካነው በቀን ነው፤ ፕሮግራሜ ግን በሳምንት አድርጎ ይቆጥረው ኖሯል። አስተካክለን ስናስኬደው አሥራ ሁለት ቀን አለ። አቢጊያ «እንኳንም አገኘነው!» ብላ ደስ አላት። እኔ ግን ሦስት ጊዜ የለመንሽኝን አሰብኩ።

ቅዳሜ ሸዋ ቤንች ወርጄ አባትሽ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ግንድ የደረቀባቸው ጊዜ አንቺ ዛሬውኑ ነቅለው ያቃጥሉት ብለሻቸው ነበር። እሳቸው ግን እኔ ጥናቱን በአማርኛ አሳጥሬ ለገበሬው የበተንኩትን ወረቀት አምነው ለቀማው እስኪያልቅ ቆዩ። አሁን ከቤቱ ጀርባ እስከ ወንዙ ያለው ሁሉ ደረቅ እንጨት ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። «ልጄን አላመንኳትም» አሉ እንጂ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ማረሚያውን ለመጽሔቱ ልኬያለሁ። ሞዴሉም ማንም ሊከፍተው በሚችል መልኩ ወጥቷል፤ ስህተቱን ያገኘሽው አንቺ መሆንሽ ተጽፎበታል። ለኃላፊያችንም የሆነውን በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የድሮ ደብተሬን ሳገላብጥ ከሻጋታው የዕድገት ቁጥር አጠገብ በእርሳስ «በቀን?» የሚል አገኘሁ። ቀኑ ከስብሰባው አራት ቀን ይቀድማል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። አላስታውስም ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት።

መልስ አልጠይቅሽም። ለአባትሽ ግን ደውዪላቸው፤ የጠፉብሽ አፍረው ነው። እግዚአብሔር የደከምሽበትን ይባርክልሽ፤ ቃልሽን የሚያምን ሰው አያሳጣሽ።

ወንድሜ ትዪው የነበረው