አባታችን ከነሙሉ አጥንታቸው

ሳጥኑ ባዶ አይደለም። ይህን አስቀድመን ለመናገር የተገደድነው፣ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ መቀሱን አየር ላይ እያስጮኸ፣ «የመምህሩ አጥንት እኮ ትምህርት ቤት ሄዷል፤ እናንተ የምትቀብሩት ሱፋቸውን ነው» እያለ ስለሚያወራ ነው። ሰኞ ዕለት ሱፍ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ሱፍና ድንጋይ ሆነ። ትናንት ደግሞ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ሳይቀር ያውቅ ነበር። አባታችን እዚሁ ናቸው፤ ከራስ ቅላቸው እስከ ተረከዛቸው አንድም አልጎደለባቸውም። የተጠራጠረ ሳጥኑን የተሸከሙትን ሰዎች ትከሻ ይጠይቅ። ወሬው ግን ከመሬት ተነሣ አንልም። መነሻው የራሳቸው የአባታችን ምኞት ነበር፤ ያንን ምኞት ለምን እንደተዉት ለመናገር ደግሞ ከልደታቸው መጀመር ይሻላል።

አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ አያታችን ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰበረ። ትንሹ ልጅ እናታቸውን ተከትለው ሆስፒታል ሲመላለሱ፣ ሐኪሙ የራጁን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው አሳዩአቸው፤ ነጭ አጥንት፣ መሐሉ ላይ ጥቁር መስመር። በሚቀጥለው ፊልም መስመሩ ዙሪያውን ደመና የመሰለ ነገር ለብሶ ነበር። ቆይቶ ደመናው ጠጠረ፤ በመጨረሻም መስመሩ ጠፍቶ ትንሽ እብጠት ብቻ ቀረ። «እኔ ያደረግሁት እንዳይንቀሳቀስ መያዝ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሠራው ራሱ አጥንቱ ነው» አሏቸው ሐኪሙ። አባታችን ይህን እስከ እርጅናቸው ሲያወሩት ዓይናቸው እንደዚያ ልጅ ዓይን ይፈጥ ነበር። «አባቴ የሠራው ግድግዳ ሲሰነጠቅ አባቴን ይጠብቃል። የአባቴ እግር ግን ማንንም ሳይጠራ ራሱን ገነባ!» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1963 ዓ.ም. ተመርቀው የሥነ ሕይወት መምህር ሆኑ። በተመደቡበት ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ ማንም ያልከፈተው ረጅም ሳጥን ነበር። ሲከፍቱት እውነተኛ የሰው አጽም፣ አጥንቱ ተበታትኖ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኙ። የእረፍት ጊዜያቸውን በሙሉ በሽቦና በጉጠት ሲያገጣጥሙት ከረሙና ክፍላቸው ጥግ አቆሙት። ተማሪዎቹ «ምክትል ርዕሰ መምህሩ» ብለው ሰየሙት፤ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ ምንም አይወስንም በማለት። እውነተኛው ምክትል ርዕሰ መምህር ይህን ሰምተው ለአንድ ሴሚስተር አባታችንን አኩርፈዋቸዋል።

ነገር ግን አባታችን አጽሙን ሲያገጣጥሙ ቀኝ እግሩን በግራ፣ ግራውን በቀኝ አስረውት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪው ሁሉ የእግር አውራ ጣትን ወደ ውጭ እያደረገ ሣለ፤ እርሳቸውም «በጣም ጥሩ» እያሉ አረሙ። አንድ ቀን ካልሲያቸውን ሲያወልቁ በገዛ እግራቸው ላይ ዓይናቸው ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሽቦውን ፈትቶ፣ አስተካክሎ፣ ዝም ይል ነበር። አባታችን ግን ያስመረቋቸውን ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማረም ጀመሩ።

ከነዚያ ቤቶች ባንዱ በሩን የከፈቱላቸው የተማሪው ታላቅ እህት፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አባታችን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሰው የሞተ ያህል ፊታቸውን አክብደው፣ «ወንድምሽን ያስተማርኩት ስህተት ነው፤ የእግር አውራ ጣት ያለው በውስጥ በኩል ነው» አሉ። ልብስ ሰፊዋ የራሳቸውን ባዶ እግር አዩ። ከዚያ አቧራ የለበሰውን የአባታችንን ጫማ አዩ። «ይሄን ሊነግሩን ነው በዚህ ፀሐይ? ይግቡና ውሃ ይጠጡ፤ የእርስዎም እግር እንዳይገለበጥ» አሏቸው። በ1967 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችንም ወለዱ።

የኖርነው ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የእናታችን መኪና ይንደቀደቃል፤ ከወዲህ አባታችን እኛን ያስተምራሉ። ለክርንና ለጉልበት የበሩን ማጠፊያ ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ያሳዩን ነበር፤ ለዳሌ ደግሞ ጡጫቸውን በሌላው መዳፋቸው ውስጥ እያዞሩ። ጠዋት ጠዋት በር መቃኑ ላይ አቁመው ቁመታችንን በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፤ ማታ ደግመው ሲለኩን አጥረን እንገኛለን። «አከርካሪያችሁ ቁልል ነው፤ በየመሐሉ ፍራሽ አለው። ቀኑን ሙሉ ስትቆሙ ፍራሹ ይጨመቃል፣ ስትተኙ ይነፋል» ብለው ያስረዱናል። ታላቅ ወንድማችን «እንግዲያው ረጅም ለመሆን ትምህርት ቤት ቀርቼ ልተኛ» ብሎ ሞክሮ ነበር፤ አልተሳካለትም። ሕፃን ሲወለድ ከአዋቂ የበለጠ ብዙ አጥንት እንዳለው፣ ሲያድግም እየተጋጠሙ ሁለት መቶ ስድስት እንደሚሆኑ የነገሩን አጎንብሰው፣ ጆሯችን ሥር፣ እንደ ምሥጢር ነው። ወተት አልጠጣም ያለ ልጅ ካለም፣ «ተወው፤ ደምህ የሚፈልገውን ከአጥንትህ ሄዶ ይበደራል። መመለሻው ግን ያስቸግራል» ይሉት ነበር። አጥንት የሞተ ነገር የሚመስለው ሰው ያናድዳቸው ነበር። «ውስጡ መቅኔ አለ፣ ደም የሚሠራበት ቤት ነው! ያረጀውን ያፈርሳል፣ አዲስ ይሠራል፤ ሳታውቀው ያድስሃል!» እናታችን ከወዲያ መኪናቸውን አቁመው፣ «እነዚህ ልጆች ያፈረሱትንስ ቤት ማን ያድስልኝ?» ይሉ ነበር።

እናታችን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ከትርፍራፊ መጋረጃ የአቧራ መከላከያ ካፖርት ሰፍተውለታል። በዚያ ካፖርት ምክንያት አንድ ተቆጣጣሪ ጨለም ባለው ክፍል ገብቶ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎታል ይባላል። ይኼኛው ወሬ እውነት ነው።

በኋላ የክፍሉ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። አጽሙ ሻገተ፣ ጎድኖቹ እየተቀነጠሱ ወደቁ፣ በ1996 ዓ.ም. የሚቆምበት አጥንት አልተረፈለትም። ትምህርት ቤቱ ሌላ ቢጠይቅ የተላከለት የግድግዳ ሥዕል ነው። አባታችን ሥዕሉን አልናቁትም፤ ነገር ግን «ሥዕል ጉልበቱን አያጥፍም። ይሄ ነገር እጅ ካልነካው አይገባም» ይሉ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «አስቤበታለሁ። እኔ ስሞት የኔን ያቁሙት» አሉ።

እናታችን የጎረሱትን ዋጡ። «ሞተህም ሥራ ልትገባ ነው?»

«ምን ችግር አለው? አላረፍድ፣ አልቀር።»

«ዕድሜህን ሙሉ እዚያ ቆመህ ኖርክ። ስትሞት እንኳ አጠገቤ ጋደም በል እንጂ!»

ነገሩ እንደ ቀልድ ተጀምሮ የቤታችን ትልቁ ጉዳይ ሆነ። አባታችን ሐኪም የሆነ የቀድሞ ተማሪያቸውን አማከሩ፤ ይቻላል አላቸው። ርዕሰ መምህሩም እያመነቱ ተስማሙ። የቀረው የእናታችን እሺታ ብቻ ነበር፤ አባታችንም ያለ እርሱ አንድ እርምጃ ላለመራመድ ወስነው በየጊዜው ይለምኑ ነበር። ከእናታችን ጎን የቆሙት የአባታችን ታናሽ እህት፣ በትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ የነበሩት አክስታችን ናቸው። «ጋሼ፣ አንተ ስትቆም የምትወለወለው እኮ በኔ ነው! የገዛ ወንድሜን ጎድን አቧራ ሳራግፍ ልኑር?» ብለው ያለቅሱ ነበር። አባታችን፣ «እንግዲያው በደንብ ታራግፊኛለሽ» ብለው ያባብሏቸዋል። ማባበል አይችሉበትም ነበር።

እናታችን በ2008 ዓ.ም. በጠና ታመው አልጋ ያዙ። አንድ ጠዋት አባታችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሲሰፉ የኖሩ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ቆዩና፣ «እሺ። አጠገብሽ እተኛለሁ። ቃሌ ነው» አሏቸው። እናታችን፣ «ስንት ዓመት ፈጀብህ፣ አንተ ችኮ!» ብለው ሣቁ። በዚያው ቀን፣ ከመምሸቱ በፊት ዐረፉ። አባታችን ከቀብር መልስ ሐኪሙንና ርዕሰ መምህሩን ጠርተው ሐሳባቸውን መተዋቸውን ነገሩ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ ፀጉር አስተካካዩም የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንስተው አያውቁም። ጡረታ ከወጡ በኋላም ግን በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፉ እግራቸው ይከብድ ነበር። መስኮቱ ላይ ቆመው ወጣቱ መምህር በዱላ ሥዕሉን ሲጠቁም ያያሉ። እርሱም አይቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረምና ይጠራቸዋል። ገብተው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎች እየተሰለፉ እያጠፉ እየዘረጉ ይዳስሳሉ። «ትንሽ ሥጋ መሐል ገብቶባችኋል፤ ለጊዜው ታገሡት» ይሏቸዋል። ልጆቹ ይስቃሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ቤት ሲገቡ በእናታችን የስፌት መኪና ላይ እጃቸውን አስደግፈው ይቀመጡ እንደነበር የምናውቀው እኛ ነን።

ባለፈው ዓመት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው የጭናቸው አጥንት ከዳሌያቸው ሥር ተሰበረ። ሐኪሞቹ አጥንታቸው እንደሳሳ ሲነግሯቸው፣ «ዕዳ ነው፣ ደሜ ሲበደር ከርሞ» ብለው አስታማሚዎቻቸውን አሣቁ። ከቀዶ ሕክምናው አገግመው በሁለቱ ክፍሎች መካከል በምርኩዝ መሄድ ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ሳንባቸውን የያዛቸው ሕመም ጠንክሮባቸው፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ባለፈው እሑድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አባታችን የሦስት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ ቁጥራቸውን የማናውቀው ተማሪዎቻቸውም የእግር አውራ ጣታቸው የት እንዳለ በእርግጠኝነት ያውቃሉ። ለታናሽ እህታቸው፣ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ፈጣሪ መጽናናትን ይስጥልን። ብዙ ለቆሙት እግሮቻቸው ማረፊያ፣ ለነፍሳቸውም ሰላም ይሁንላቸው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በእናታችን ጎን ያለው መቃብር ተቆፍሮ ካለቀ፣ የሳጥኑም ክዳን ከተመታ በኋላ፣ አክስታችን የአባታችንን ሸሚዞች እያጠፉ ሳለ የያዙትን አስቀምጠው ወደ እኛ ዞሩ። እናታችን በሞቱበት ቀን፣ አባታችን መድኃኒት ሊያመጡ ወጣ ባሉበት፣ ለራሳቸው ለአክስታችን ብቻ የተናገሩት ነገር እንደነበረና ለአባታችን እስከ መጨረሻው ሳይነግሯቸው እንደቀሩ አወጡት። እናታችን፣ «እሺ ሲለኝ መስማት ነበር የፈለግሁት፤ ይኸው ሰማሁ። አሁን ንገሪውና ለልጆቹ ይቁምላቸው» ብለው ነበር።