የወይዘሮ ቀለሟን ፊት ስለጠበቁልን

ለከተማችን የንግድ ክትትል ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የጭላሎ ብርድ ወደ ቢሮዎ እንዳይዘልቅ፣ ወንበርዎም ከሥርዎ እንዳይነቃነቅ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ያለኝ ዙቤዳ ኢብሳ ነኝ፤ በግል መረጃ ጥበቃ ስም የዋሉልንን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አያስተኛኝም።

፩. በጥቅምት የላኩልን ባለሙያ፣ የደንበኛ ፎቶ የግል መረጃ ስለሆነ ሥራው እንዳለቀ ካልጠፋ ቤቱ ይታሸጋል ብለውን ሄዱ። በኅዳር የመጡት ደግሞ አንድ ፎቶ ከጠፋ ቤቱ ይታሸጋል አሉን። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚሠሩ ስሰማ ተደነቅሁ፤ ደግነቱ ማሸጉ ላይ አልተለያዩም።

፪. የትኛውን እንስማ ብለን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሚፍታ ጋር ቢሮዎ ድረስ ብንመጣ፣ መመሪያው በዝግጅት ላይ ስለሆነ እስከዚያው እንድንጠነቀቅ መከሩን። ከምን እንደምንጠነቀቅ አለመንገርዎ ያው መረጃ ለመጠበቅ ይሆናል። በሳምንቱ ይጥፋ የሚል ማስጠንቀቂያ በሬ ላይ ተለጠፈ፤ እኔም ፈሪ ነኝና የዓመታት ፎቶ አጠፋሁ።

፫. በእኛ አገር ብዙ ገበሬ ፎቶ የሚነሣው ለመታወቂያ ብቻ እንደሆነ አያጡትም። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ያችን ጉርድ ፎቶ እኛ ዘንድ አሳድጎ ከአስከሬኑ ፊት ይዞ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የኢተያው አቶ ዱሬሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቀለሟን ሊቀብሩ ሲሉ ለዚሁ መጡ። ማጥፋቴን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ሌላ ቦታ አስቀምጠሽው ይሆናል እያሉ በኦሮምኛ ደጋግመው ጠየቁኝ። በመጨረሻ መታወቂያዋን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ ማኅተም ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል። ያንኑ አሳድጌ አተምሁላቸው። ወይዘሮ ቀለሟ ከአፍንጫዋ በታች ሰማያዊ ማኅተም ሆና ተሸኘች። መረጃዋ ተጠብቋል፣ እንኳን ደስ ያለዎ። እኔ ግን ቀና ብዬ ሰውየውን ማየት አቃተኝ፤ እናንተ እንደማታፍሩ ስለማውቅም የእናንተን ድርሻ ጨምሬ አፈርሁ።

፬. በማግስቱ ስደውል፣ መመሪያው ገና ስላልወጣ ማጥፋቴ ችኮላ እንደነበር ባለሙያዎ በትሕትና አስረዱኝ። በሬ ላይ የተለጠፈውንስ ማን ጻፈው ብል ስልኩ ተዘጋ። ለዚህም ማብራሪያ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ያለውን ነገ ለማያስታውሰው ለተከበረው መሥሪያ ቤትዎ ያለኝን የጠለቀ አክብሮት እየገለጽሁ፣ አጥፊ ሲሉኝ የማጠፋ፣ አቆዪ ሲሉኝ የምታሸግ ታዛዥዎ፣

ዙቤዳ ኢብሳ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ጸሐፊዎ መጥታ፣ የእርስዎን ፎቶ ለአዳራሹ ግድግዳ በትልቁ እንዳትምላት ጠይቃኝ ነበር። እርስዎም ማስጠንቀቂያው የተለጠፈ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ጠፍተዋል። እስካሁን ከእሷ በቀር የፈለገዎት ሰው የለም፤ እሷም አላለቀሰችም።