ደርሶ መልስ በሳይክል

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የኩላሊት እጥበቱ አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን ነው? ድካሙ በማግስቱ ይብሳል ብለሽኝ ነበር፤ አሁንስ? እንደ ልማድሽ “ደህና ነኝ” ብለሽ እንዳታልፊኝ፣ እውነቱን ጻፊልኝ። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ባለቤቴ ሳይክል መንዳት መጀመሬን በስልክ ስትነግርሽ እንባሽ እስኪመጣ ስቀሻል አሉ። በአርባ ስድስት ዓመቱ ምን ነካው ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ሳቂ፤ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከአምስት ወር በፊት አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቂኝ። መዘነችኝ፣ ግፊቴን ለካች፣ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዘጠኝ ኪሎ ካልቀነስኩና ግፊቴ ካልወረደ ፋይል እንደማትከፍትልኝ ነገረችኝ። ታውቂኛለሽ፤ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ስህተት ሳርም ነው የምውለው። ከወንበር መነሳትን እንደ ስፖርት የምቆጥር ሰው ነኝ።

ጥፋቴ ይህንን ለሥራ ባልደረባዬ መንገሬ ነው። ማሽን ክፍል “አሰልጣኙ” የምንለው ሰው አለ፤ በወጣትነቱ ሳይክል ይወዳደር ነበር። አሮጌ ሳይክሉን አዋሰኝ፣ እግዜር ይስጠው። ግን አብሮ አራት ገጽ ፕሮግራም አሸከመኝ፦ ሰኞ ዳገት፣ ረቡዕ ፍጥነት፣ ቅዳሜ አርባ ኪሎ ሜትር። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አስገዛኝ፣ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ሱሪም ጭምር። ሱሪውን ለብሼ ስወጣ ልጄ ጎረቤት ሳያይህ ቶሎ ሂድ ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ሁለት ሳምንት እንደምንም ገፋሁ። በሦስተኛው ጉልበቴ አበጠ። አንድ ቀን ሲያልፈኝ ላካክስ ብዬ በማግስቱ እጥፍ እነዳለሁ፤ ከዚያ ሦስት ቀን አልነሳም። በመጨረሻ ሳይክሉ ኮሪደር ላይ ተገትሮ ባለቤቴ ልብስ ታሰጣበት ጀመር። በቀጠሮዬ ቀን ሚዛን ላይ ስወጣ አንድ ኪሎ ጨምሬያለሁ። እታለም፣ እዚያው ቆሜ ማልቀስ ነው የቀረኝ። ጊዜ የለማ! አንዲት ሳምንት ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነች አውቃለሁ።

ሐኪሟ ፕሮግራሙን ገለጥ ገለጥ አድርጋ መለሰችልኝ። ከዚያ ሥራዬ ከቤቴ በሳይክል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። ሃያ አምስት አልኳት።

“በቃ፣ በሳይክል ሂድ፣ በሳይክል ተመለስ። ሌላ ምንም አትጨምርበት። ብቻ አታቋርጥ” አለችኝ።

ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ ያበሽቃል። ጠዋት በተራ ሱሪ፣ ሸሚዜን በቦርሳ ይዤ እወጣለሁ፤ ሲዘንብ ላስቲክ እደርባለሁ። አሰልጣኙ ይኼ ስፖርት አይባልም ብሎ አኮረፈኝ። ኪሎው ደግሞ አንድ ሳምንት ወረድ ይልና ሁለት ሳምንት ንቅንቅ አይልም። አውቶቡስ ውስጥ ደረቅ ሆነው ተቀምጠው የሚያልፉኝን ሁሉ ስረግም ከረምኩ። በአሥራ አራት ሳምንት ውስጥ ግን የቀረሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ራስሽን ስተሽ ሆስፒታል የገባሽ ዕለት።

ከሁሉም በላይ ያናደድሽኝ አንቺ ነሽ። ያንን ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር ስልክ ትዘጊብኛለሽ። ባለፈው ጊዜማ “የልጆች አባት ነህ፣ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ” አልሽኝ። እሺ ብዬ አላነሳሁም፤ ይኸው ስለ ሳይክል ብቻ ጻፍኩልሽ። ግን እናታችን ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያኔ ትምህርትሽን ትተሽ እኔን ለማሳደግ ስትነሺ ያስፈቀድሽኝ አይመስለኝም።

ትናንት ተመዘንኩ። የጨመርኳትን አንዷንም ጨምሮ አሥሩንም ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ግፊቴም ወርዷል። ሐኪሟ አዲስ ፋይል አውጥታ “ሰጪ” ከሚለው ፊት ስሜን ጻፈች፣ ከሥሩም “ተቀባይ” ከሚለው ፊት የአንቺን። ሐሙስ፣ እጥበት በሌለሽ ቀን፣ ጠዋት ሁለታችንንም ትጠብቀናለች። ደም ስለሚወስዱ ምንም ሳትቀምሺ ቆይኝ፤ እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ። አልሄድም ካልሽ በርሽ ላይ እቀመጣለሁ፤ መቀመጥ እንደሆነ የምችልበት ሙያ ነው።

ፈጣሪ እስከዚያ በሰላም ያቆይሽ፣ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ።

ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ